ኮምፓይለሩ ታይፕ የሚያስከብር ከሆነ 7ን ለ8 ሳካፍል ለምን ዝም አለኝ?

የማታ_ኮደር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የምጽፋት ትንሽ ፕሮግራም አለች። ከተሰጧት ፋይሎች ስንቱን እንደጨረሰች በመቶኛ ታሳያለች። ያለቀው 7፣ ጠቅላላው 8 ነው እንበል። ሁለቱም ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ናቸው። መቶኛውን የማስቀምጥበት ቫሪያብል ግን ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ነው። ያለቀውን ለጠቅላላው አካፍዬ በ100 አባዛለሁ። 87.5 ስጠብቅ 0 መጣ። ከ1 እስከ 7 ድረስ 0 ነው። 8 ላይ ሲደርስ ድንገት 100 ይሆናል።

መፍትሔውን አግኝቻለሁ። አንዱን ወደ ደብል ካስት አደረግኩትና (ዓይነቱን በእጅ ቀየርኩትና) ተስተካከለ። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ሲ ታይፕ (የዋጋ ዓይነት) ያለው ቋንቋ ነው ይባላል። ስትሪንግን (ጽሑፍን) በኢንት ላባዛ ብል ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ያቆመኛል። እዚህ ጋ ግን ደብል ውስጥ ኢንት ስከት ምንም ሳይል አሳለፈው። ውጤቱን ደብል ውስጥ እንደማስቀምጥ እያየ ለምን እንደ ሙሉ ቁጥር አካፈለ? አንዴ ጥብቅ፣ አንዴ ልል የሚሆነው በምን ደንብ ነው?

የምጠይቀው ለጉጉት ብቻ አይደለም። ለመማር ብዬ የራሴን ትንሽ ቋንቋ እየሠራሁ ነው። ሌክሰሩና ፓርሰሩ (ኮዱን ወደ ቃላት የሚቆራርጠውና ከቃላቱ ዛፍ የሚሠራው) አልቀዋል። ኢንትና ፍሎት (እንደ ደብል ነጥብ ያለው ቁጥር) ሲደመሩ ምን ላድርግ የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ውስጥ በተራ ምን እንደሚካሄድ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ነጠላ_ሰረዝ፦

ኢንት ለኢንት ኢንት ነው። 7 ለ8 ሲካፈል 0፤ 0 በ100 ሲባዛ 0። ደብሉ ጋ የሚደርሰው 0 ነው። 100ን አስቀድመህ ብታባዛ ካስትም አያስፈልግህም።

ቢት_ቆጣሪ፦

ነጠላ_ሰረዝ፣ እንደሱ ካደረገ 700 ለ8 ይሆናል። የሚያገኘው 87 ነው፤ ግማሿ አሁንም ትጠፋለች። 87.5 የሚመጣለት 100.0 ብሎ ከጀመረ ነው።

ነጠላ_ሰረዝ፦

ልክ ነህ፣ ስቻለሁ። 100.0 ብሎ መጀመር አለበት።

ድርብ_ሰረዝ፦

ፓርሰር ከጻፍክ ዛፉን ታውቀዋለህ፤ ከዚያ እንነሳ። መስመርህ ዛፍ ሲሆን ጫፉ ላይ "ውጤቱ ውስጥ አስቀምጥ" የሚል ኖድ (የዛፉ አንጓ) አለ። ከሥሩ ማባዛት አለ። ከማባዛቱ ሥር በአንድ በኩል ማካፈል፣ በሌላ በኩል 100 አለ። ከማካፈሉ ሥር ሁለቱ ቫሪያብሎች ናቸው።

ታይፕ ቼከሩ ይህን ዛፍ የሚወጣው ከታች ወደ ላይ ነው። ቅጠሎቹ ጋ ሲደርስ ሲምቦል ቴብሉን (የቫሪያብሎቹን መዝገብ) ያያል። ሁለቱም ኢንት ተብለው ተመዝግበዋል። ቀጥሎ ወደ ማካፈሉ ይወጣል። እዚያ የሚያየው ሁለቱን ልጆች ብቻ ነው። ኢንትና ኢንት ስለሆኑ ይህ የሙሉ ቁጥር ማካፈል ነው፣ ውጤቱም ኢንት ነው ብሎ ይመዘግባል። ማባዛቱም እንዲሁ። ደብሉ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ቼከሩ እዚያ ሲደርስ የታችኛው ሁሉ ተወስኖ አልቋል። ወደ ኋላ ተመልሶ ማካፈሉን አይነካውም።

ታዲያ ጫፉ ላይ ምን ይሆናል? የመጣው ኢንት፣ መቀመጫው ደብል። አይገጥሙም። ኮምፓይለሩ ዝም ያለ የመሰለህ እዚህ ጋ ነው። እንዲያውም ሥራ ሠርቷል። የቋንቋውን ደንብ አየ፤ ደንቡ ከኢንት ወደ ደብል መቀየር ይቻላል ይላል። ስለዚህ በመካከላቸው አንተ ያልጻፍከውን አዲስ ኖድ ሰካ፦ "ይህን ኢንት ወደ ደብል ቀይር" የሚል። ከዚያ በኋላ ገጠሙ። ስትሪንግ በኢንት ስታባዛ ግን የሚሰካ ነገር ደንቡ ውስጥ አላገኘም። ስለዚህ ኤረር ሰጠህ። ሁለቱም ጊዜ ያደረገው ምርመራ አንድ ነው።

ክላንግ የሚባለው የሲ ኮምፓይለር ካለህ ዛፉን እንዲያትምልህ እዘዘው። "ኢምፕሊሲት ካስት" (ስውር ቅየራ) የሚሉ መስመሮችን በየቦታው ታያለህ። ቫሪያብል ባነበብክ ቁጥር እንኳ አንድ አለ። እኔ ታይፕ ቼክ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ያን ዝርዝር መስመር በመስመር ያነበብኩ ቀን ነው።

የማታ_ኮደር፦

ከታች ወደ ላይ የሚለው ብዙ ነገር ፈታልኝ። አንድ ነገር ግን፦ ኖዱ ለምን ያስፈልጋል? 3 እና 3.0 ያው አንድ ቁጥር አይደሉም?

ቢት_ቆጣሪ፦

ለሰው አንድ ናቸው። ለማሽኑ ግን ጭራሽ አይመሳሰሉም።

ኢንት 3ን በ32 ቢት ስትጽፈው 30 ዜሮዎች ይደረደሩና መጨረሻ ላይ ሁለት 1 ይመጣሉ። ደብል 3.0ን በ64 ቢት ስትጽፈው ደግሞ ከግራ 2ኛውና 13ኛው ቢት ብቻ 1 ናቸው፤ ሌላው በሙሉ 0 ነው። ምክንያቱም ደብል ቁጥሩን በሦስት ከፍሎ ነው የሚይዘው፦ ምልክት፣ የ2 ርቢ፣ እና ቀሪው። 3 ማለት 1.5 በ2 ሲባዛ ነው። 1.5ን የሚነግርህ 13ኛው ቢት ነው።

የኢንቱን ቢቶች እንዳሉ ወስደህ የደብል ደማሪ ውስጥ ብትከታቸው የሚወጣው ነገር ትርጉም የለውም። ፕሮሰሰሩ የሙሉ ቁጥርና የነጥብ ቁጥር ድመራን በተለያየ ክፍሉ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በመካከል የሚቀይር ኢንስትራክሽን (የማሽን ትእዛዝ) መኖር አለበት። ድርብ_ሰረዝ ያለው ኖድ ኮድ ጀነሬተሩ (ኢንስትራክሽኖቹን የሚጽፈው የኮምፓይለሩ ክፍል) ጋ ሲደርስ እሱ ይሆናል። ቁጥሩ ኮንስታንት ከሆነ ኮምፓይለሩ ራሱ አስቀድሞ ስለሚቀይረው ራን ሲደረግ ምንም አይቀርም።

ሁሉም ቅየራ ግን ኢንስትራክሽን አይፈልግም። ለምሳሌ በጃቫ የልጅ ክላስ ኦብጀክትን በወላጅ ክላስ ቫሪያብል ስትይዝ ቢቶቹ ምንም አይሆኑም፤ የሚለወጠው ኮምፓይለሩ ስለነሱ የሚያውቀው ብቻ ነው። ቋንቋህን ስትሠራ እነዚህን ሁለቱን ለያይተህ ያዝ። እኔ አንዴ ቀላቅያቸው ብዙ ተቸግሬያለሁ።

ቀይ_መስመር፦

እኔ የምጨምረው የሲን ደንብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚያ ስለሆነ።

ሲ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሲያገኝ በሁለት ደረጃ ያስማማቸዋል። መጀመሪያ ከኢንት የሚያንሱትን፣ ቻርንና ሾርትን፣ ወደ ኢንት ከፍ ያደርጋል። ይህ የሚሆነው ሁለቱም ቻር ቢሆኑም ጭምር ነው። ምልክት አልባ (ከ0 በታች ቁጥር የማይይዝ) ቻር ውስጥ 200 እና 100 ይዘህ ብትደምራቸው መልሱ 300 ነው፤ አይሞላም፤ ምክንያቱም ድመራው በኢንት ነው የተካሄደው። መልሰህ ቻር ውስጥ ስታስቀምጠው ግን 44 ይሆናል። ስለዚህ "ሞልቶ ፈሰሰ" የሚባለው ነገር ስትደምር ሳይሆን ስታስቀምጥ ነው የደረሰው። ሁለተኛው ደረጃ አነስተኛውን ታይፕ ወደ ትልቁ ማምጣት ነው። አንዱ ደብል ከሆነ ሌላውም ደብል ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ቀና ነው። የሚያስፈራው ምልክት ያለውና ምልክት አልባው ሲገናኙ ነው። መጠናቸው እኩል ከሆነ ምልክት አልባው ያሸንፋል። ኢንት -1ን ምልክት አልባ ከሆነ 1 ጋ አወዳድር። -1 ያንሳል ወይ ብለህ ጠይቀው። አያንስም ይልሃል። በ32 ቢት -1 ሲቀየር 4294967295 ሆኗልና።

እኔ በዚህ የተነሳ አንድ ሳምንት ሙሉ ባግ ፈልጌያለሁ። አንድ ፈንክሽን ያልተገኘን ነገር በ-1 ይመልሳል። እኔ ያን -1 ከአሬይ ርዝመት ጋ አወዳድር ነበር። ርዝመቱ ምልክት አልባ ነው። ኮዱን ስታነበው ፍጹም ትክክል ነው የሚመስለው።

ነጠላ_ሰረዝ፦

ይሄ ደንብ ለምን እንደዚህ ሆነ? ማን ነው -1 ከ1 ይበልጣል እንዲል የፈለገው?

ድርብ_ሰረዝ፦

ታሪክ አለው። ከሲ በፊት የነበሩት ቢሲፒኤል እና ቢ የሚባሉት ቋንቋዎች ታይፕ አልነበራቸውም። ሁሉ ነገር አንድ የማሽን ቃል ነበር። የሲ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ ቢን ፒዲፒ 11 በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ሲያሻሽለው ማሽኑ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው የሚጠራ ነበር። ያ አሠራር ቻርን ከኢንት መለየት አስገደደ፤ የነጥብ ቁጥርም እየመጣ ነበር። ሲ ታይፕ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ታይፕ ስታስብ መጀመሪያ "ይህ ስንት ባይት ነው፣ በየትኛው ኢንስትራክሽን ይደመራል" የሚለው ነበር እንጂ ስህተት መያዝ አልነበረም።

ትናንሾቹ ምልክት አልባ ታይፖች ከፍ ሲደረጉ ምን ይሁኑ በሚለው ላይ ደግሞ ኮምፓይለሮች ይለያዩ ነበር። አንዳንዶቹ ምልክት አልባነቱን ይጠብቁ ነበር። ሌሎቹ ዋጋውን ይጠብቁና ኢንት ያደርጉት ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ስታንዳርድ ዋጋን መጠበቅን መረጠ። ለቻርና ለሾርት ይህ በደንብ ይሠራል፤ ኢንት ዋጋቸውን ሁሉ ይችላል። ምልክት አልባው ራሱ እንደ ኢንት ሰፊ ሲሆን ግን ሁለቱንም የሚችል ታይፕ እዚያው መጠን ላይ የለም። አንዱ መሸነፍ ነበረበት።

ባይት_ኮድ፦

ሰላም። እኔ ጃቫ ነው የምጽፈው። ጃቫ ይሄን ችግር ፈትቶታል እያልኩ ለሰው አስተምር ነበር። ጠባቡን ወደ ሰፊው በስውር ይቀይራል፤ ሰፊውን ወደ ጠባብ ግን ካስት ካላደረግሽ አይቀበልም። ዋጋ አይጠፋም ብዬ አምን ነበር።

አንድ ቀን ግን 16777217 የሚል መለያ ቁጥር ፍሎት ውስጥ ገብቶ 16777216 ሆኖ ወጣ። ኤረር የለም፣ ዋርኒንግ የለም። ጃቫ ኢንትን ወደ ፍሎት መቀየርን እንደ "ማስፋት" ነው የሚቆጥረው። እውነት ነው፣ ፍሎት የሚደርስበት ርቀት ከኢንት እጅግ ይበልጣል። ትክክለኛነቱ ግን 24 ቢት ብቻ ነው። ከ2 ርቢ 24 በላይ ካሉ ሙሉ ቁጥሮች ብዙዎቹ አይገኙበትም። ሎንግ ወደ ደብል ሲሄድም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ወሰኑ 53 ቢት ነው። ኢንት ወደ ደብል ግን ምንም አይጠፋውም፤ 32ቱም ቢት ይገባሉ።

ሌላም አለ። ባይት ቫሪያብል ላይ 1 ደምሬ መልሼ ላስቀምጥ ብል ኮምፓይለሩ እምቢ ይለኛል። ድመራው ኢንት ነዋ። ያንኑ ነገር መደመርና እኩል ይሆናልን አጣምሬ (+=) ስጽፈው ግን ያሳልፈኛል። ያ ምልክት ውስጡ ካስት ደብቋል፤ የቋንቋው ስታንዳርድ ራሱ እንደዚያ ይላል። የማታ_ኮደር፣ በቋንቋህ እንደዚህ ያለ የኋላ በር አታስገባ፣ እባክህ። አንባቢ ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ናቸው ብሎ ነው የሚያስበው።

የማታ_ኮደር፦

እህቴ ባይት_ኮድ፣ አመሰግናለሁ፤ የ24 ቢቱን ነገር ጨርሶ አላውቀውም ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ኮምፓይለር ልመለስ። ኖዱን የሚሰካው ማነው? እኔ እስካሁን ኮድ ጀነሬተሩ ውስጥ "ግራው ኢንት ከሆነና ቀኙ ፍሎት ከሆነ" እያልኩ ነበር የምጽፈው። ኢፍ በኢፍ ሆነብኝ።

ድርብ_ሰረዝ፦

ከዚያ አውጣው። ኮድ ጀነሬተሩ ስለ ታይፕ ምንም መወሰን የለበትም። እሱ ጋ ሲደርስ የእያንዳንዱ ኦፕሬተር ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ታይፕ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ የአንተ ባግ ነው፤ እዚያው እንዲቆም አሰርት ጻፍበት።

ሥራውን ለሁለት ፈንክሽን ስጠው። አንዱ "ታይፕህ ምንድን ነው" ይጠይቃል። ኖድ ይቀበልና ልጆቹን መርምሮ ታይፑን ይመልሳል። ሌላው "አስማማ" ነው። አንድ ኖድና አንድ የሚፈለግ ታይፕ ይቀበላል። ታይፑ አንድ ከሆነ ኖዱን እንዳለ ይመልሳል። የተፈቀደ ቅየራ ካለ ኖዱን በቅየራ ጠቅልሎ ይመልሳል። ከሌለ ኤረር ይመዘግባል። ስለ ስውር ቅየራ ቋንቋህ የሚያውቀው ሁሉ በዚህ አንድ ፈንክሽን ውስጥ ይሁን። ደንብ ልለውጥ ስትል የምትነካው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል።

ከዚያ "አስማማ" የሚጠራባቸውን ቦታዎች ቁጠር። ብዙ አይደሉም። ቫሪያብል ሲሞላ፣ ለፈንክሽን ነገር ሲሰጥ፣ ፈንክሽን ሲመልስ፣ የኢፍ ሁኔታ ላይ፣ እና ሁለት ጎን ያለው ኦፕሬተር ላይ። የመጨረሻው ይለያል፤ የሚፈለገው ታይፕ ከውጭ አይመጣም። ከሁለቱ ልጆች የጋራ ታይፕ ትፈልግና ሁለቱንም ወደዚያ ታስማማለህ።

ሁለት ነገር ከልምድ ልንገርህ። አንደኛ፣ ቅየራን አታስከትል። ሀ ወደ ለ፣ ለ ወደ ሐ ስለሚቀየር ሀ ወደ ሐ ይቀየር አትበል። ቡል (እውነት ወይም ሐሰት) ወደ ኢንት፣ ኢንት ወደ ፍሎት፣ ፍሎት ወደ ስትሪንግ እያለ ሲሄድ ሁሉ ነገር ሁሉ ነገር ይሆንና ቼከርህ ምንም አይዝም። ሁለተኛ፣ "ስህተት" የሚባል አንድ ታይፕ ይኑርህ። ያልተገለጸ ቫሪያብል ስታገኝ አንድ ኤረር ስጥና ለኖዱ ያን ታይፕ ስጠው። "ስህተት" ከማንም ጋ ይስማማል፤ ሌላ ኤረር አያወጣም። ያለዚያ አንዲት ፊደል የሳተ ሰው 40 ኤረር ይወርድበታል።

ቀይ_መስመር፦

የማስከተሉን ነገር አጥብቄ እደግፋለሁ። ሲ ፕላስ ፕላስ ተጠቃሚ ከሠራቸው ቅየራዎች በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚፈቅደው። እሱም ራሱ በዝቶብኛል። በፊት በምሠራበት ቦታ በፈር የሚባል ክላስ ነበረን። ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱን የሚፈጥረው ፈንክሽን) አንድ ኢንት ይቀበላል፤ ርዝመቱን። አንድ ሰው በፈር ለሚጠብቅ ፈንክሽን በስህተት 10 ሰጠው። ኮምፓይለሩ 10 ርዝመት ያለው ባዶ በፈር ሠርቶ አሳለፈው። ደንቡ ይፈቅዳል። ኮንስትራክተሩ ላይ "ኤክስፕሊሲት" የምትለዋን ቃል ብንጽፍ ኖሮ ኮምፓይል ሲደረግ ይያዝ ነበር።

ዝገት_አልባ፦

እኔ እስካሁን ያነበብኩት ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይወስደኛል። ስውር ቅየራ ይቅር። ጎ የሚባለው ቋንቋ በተለያዩ የቁጥር ታይፖች መካከል አይፈቅድም። ረስትም አይፈቅድም። ኦካምል እንዲያውም የሙሉ ቁጥርና የነጥብ ቁጥር ድመራን በተለያየ ምልክት ነው የሚጽፈው። ነጥብ ያለበት መደመሪያ አለው። ሰው በነዚህ ቋንቋዎች ትልልቅ ነገር እየሠራ ነው። ካስት መጻፍ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። ቀይ_መስመር አንድ ሳምንት ነው ያጣው።

ጎ ያደረገው አንድ ብልሃት ደስ ይለኛል። እንደ 2 ያለ ቁጥር በኮዱ ውስጥ እንዳለ ሲጻፍ ታይፕ የለውም። አጠገቡ ያለውን አይቶ ይይዛል። ስለዚህ ፍሎት በ2 ስታባዛ ካስት አትጽፍም። ከሁለት ቫሪያብሎች ጋ ሲሆን ግን ትጽፋለህ። በትክክል አደጋው ባለበት ቦታ ላይ ነው የሚያስጽፍህ።

ነጠላ_ሰረዝ፦

ዝገት_አልባ፣ በግማሹ እስማማለሁ። ግን ካስት በበዛ ቁጥር ሰው ማንበቡን ያቆማል። ኮምፓይለሩ ቀይ ሲያሳየው ካስት ይለጥፍና ያልፋል። ያ ካስት ደግሞ "አውቄ ነው" ማለት ስለሆነ ሌላ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ይዘጋል። ረስት ውስጥ "አዝ" በሚለው የቅየራ ቃል 300 የያዘ ኢንትን ወደ 8 ቢት ምልክት አልባ ብትቀይረው 44 ይሰጥሃል። ያቺው የቀይ_መስመር 44 ናት።

ዝገት_አልባ፦

እውነት ነው፤ ለዚያ ነው "ትራይ ኢንቱ" ተጠቀሙ የሚባለው። ካልገባ ኤረር ይመልሳል። ግን ቢያንስ የት እንደተቀየረ ኮዱ ላይ ይታያል። መፈለግ ትችላለህ።

ቢት_ቆጣሪ፦

የአሪያን 5 ሮኬትን ጉዳይ እዚህ ማንሳት አለብን። ጁን 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው በረራ ነበር። ከተነሳ ወደ 40 ሰከንድ ገደማ ላይ ወድሟል። 64 ቢት የነጥብ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲቀየር አልገባም። ስውር ቅየራ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ የለም።

ድርብ_ሰረዝ፦

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ላርምህ፤ ይህ ብዙ ጊዜ በስህተት ይነገራል። ፕሮግራሙ የተጻፈው ኤዳ በሚባል ቋንቋ ነው። ኤዳ በቁጥር ታይፖች መካከል ስውር ቅየራ አይፈቅድም። ያ ቅየራ በእጅ የተጻፈ፣ ግልጽ ቅየራ ነበር። ማሽኑም አልደበቀውም፤ ቁጥሩ እንዳልገባ አውቆ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) አስነስቷል። ኤክሴፕሽኑን የሚይዝ ኮድ ግን አልነበረም። የመርማሪዎቹ ሪፖርት እንደሚለው አደጋ ካለባቸው 7 ቫሪያብሎች መካከል 4ቱ ጥበቃ ነበራቸው፤ 3ቱ አልነበራቸውም። ኮዱ ከአሪያን 4 የመጣ ነው። በዚያ ሮኬት የአግድም ፍጥነት ቁጥሩ ያን ያህል አይደርስም ነበር። አሪያን 5 ግን ገና ሲነሳ የበለጠ ይፈጥናል።

ይህን ያነሳሁት ዝገት_አልባን ለመቃወም አይደለም። እኔም ወደ ጥብቁ አደላለሁ። ግን ታይፕ ቼከር የሚያውቀው "64 ቢት ፍሎት" እና "16 ቢት ኢንት" የሚለውን ነው። ቁጥሩ ዛሬ ስንት እንደሆነ አያውቅም። ካስቱ ግልጽ መሆኑ ለአንባቢ ይጠቅማል፤ ዋጋው መግባቱን ግን ራን ሲደረግ የሚያይ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ቢት_ቆጣሪ፦

አመሰግናለሁ። እኔም እንደዚያ ሲነገር ሰምቼ ነው የደገምኩት። ከአሁን በኋላ አስተካክዬ እናገራለሁ።

ፊደል_ቆጣሪ፦

ይቅርታ፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ "5" የሚል ስትሪንግ ላይ 3 ስደምር "53" ይለኛል፤ 3 ስቀንስ ግን 2 ይለኛል። ይሄም ኮምፓይለሩ የሰካው ኖድ ነው?

ባይት_ኮድ፦

አይደለም፤ ይሄኛው ራን ሲደረግ ነው የሚወሰነው። በጃቫስክሪፕት ታይፑ የሚኖረው ከዋጋው ጋ እንጂ ከቫሪያብሉ ጋ አይደለም። መደመሪያው በዚያች ቅጽበት ሁለቱን ያያል። አንዱ ስትሪንግ ከሆነ ሌላውንም ስትሪንግ አድርጎ ይቀጥላል። መቀነሻው ለስትሪንግ ትርጉም ስለሌለው ሁለቱንም ወደ ቁጥር ይቀይራል። ፓይተንም ታይፑን ራን ሲደረግ ነው የሚያየው፤ ግን "5" እና 3 ደምር ስትለው ኤረር ይሰጥሃል። ስለዚህ "መቼ ይመረመራል" እና "ምን ያህል ይቀይራል" ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ መጣጥፍ ላይ ተቀላቅለው ታገኛቸዋለህ፤ አንተ ለይተህ ያዛቸው።

ድርብ_ሰረዝ፦

የማታ_ኮደር፣ ስለ መጀመሪያው ባግህ ሳስብ ቆይቼ ነው። ሁላችንም ስለ ስውር ቅየራ ተከራከርን። ግን ቅየራው ትክክል ነበር። 0 ወደ 0.0 ሲቀየር ምንም አልጠፋም። ጂሲሲ የሚባለውን ኮምፓይለር "ኮንቨርዥን" የሚባለውን ማስጠንቀቂያ ብታበራው እንኳ አይናገርህም፤ ኢንት ወደ ደብል ሁሌም ይገባልና። በነገራችን ላይ ያ ማስጠንቀቂያ "ዎል" ብለህ ሁሉንም ያበራህ ሲመስልህ አይበራም፤ ለብቻው መጠራት አለበት።

የጎዳህ የማካፈያው ምልክት ነው። አንድ ምልክት ሁለት ሥራ ይዟል። ለኢንት ቀሪውን ጥሎ ያካፍላል፤ ለደብል ሙሉውን ያካፍላል። የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ ምልክቱ ሳይሆን ምናልባት 200 መስመር ርቀው የተገለጹት ቫሪያብሎች ናቸው። ፓስካል ይህን ከጥንቱ ለይቶታል፤ ለሙሉ ቁጥር "ዲቭ" የሚል ቃል አለው፤ ሸርተቴው (/) ሁልጊዜ የነጥብ ቁጥር ይሰጣል። ፓይተንም በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው 3ኛው ቨርዥን ወደዚያ መጥቷል። 7ን ለ8 ስታካፍል ነጠላው ሸርተቴ 0.875 ይሰጥሃል፤ ድርቡ ሸርተቴ 0።

ሲ ላይ ለምትጽፈው ደግሞ ክላንግ ታይዲ የሚባለው መሣሪያ በትክክል ያንተን ባግ የሚፈልግ ምርመራ አለው፦ የነጥብ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ የገባ የሙሉ ቁጥር ማካፈል።

የማታ_ኮደር፦

ይሄን ሳነብ ተነስቼ ነው የቆምኩት። ሁለት ሌሊት የታገልኩት ከቅየራው ጋ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ኮዱን እንደገና ጻፍኩት። ከኮድ ጀነሬተሩ ውስጥ ያሉትን ኢፎች በሙሉ አወጣሁ። "አስማማ" 20 መስመር አትሞላም። የፈቀድኩት አንድ ስውር ቅየራ ብቻ ነው፦ 32 ቢት ኢንት ወደ 64 ቢት ፍሎት። ባይት_ኮድ እንዳለችው ምንም ስለማይጠፋው። ሌላው ሁሉ በእጅ ይጻፍ። ሸርተቴው ሁልጊዜ ፍሎት ይሰጣል፤ ለሙሉ ቁጥር "ድርሻ" የሚል ቃል አስገብቻለሁ። ዛፉን የሚያትም ትእዛዝም ጨምሬበታለሁ፤ እኔ ያልጻፍኳቸው ኖዶች በኮከብ ምልክት ይታያሉ። 7ን ለ8 አካፍዬ በ100 ሳባዛ ሦስት ኮከብ ታየ፤ ሁለቱ ማካፈሉ ሥር፣ አንዱ 100ው ላይ። መልሱም 87.5 ነው።

አንድ የቀረኝ አለ። ኢፍ ዋጋ እንዲመልስ አድርጌያለሁ። አንደኛው ቅርንጫፍ ኢንት፣ ሌላኛው ፍሎት ሲመልስ ምን ላድርግ?

ድርብ_ሰረዝ፦

እንደ መደመር ቁጠረው። ሁለቱን ቅርንጫፎች ለየብቻ መርምር፣ የጋራ ታይፕ ፈልግ፣ ከዚያ ሁለቱንም "አስማማ"። ኖዱን ግን ከኢፉ በላይ አትስካው። ኢንቱን በሚመልሰው ቅርንጫፍ ውስጥ፣ መጨረሻው ላይ ይግባ። ከላይ ከሰካኸው ፍሎት የመጣበትን መንገድም እንደ ኢንት ሊቀይረው ይሞክራል።